አባቴን እንግዳ ያደረገው ሰው

ደሳለው አባቴን እንግዳ አደርገዋለሁ ባለ ዕለት ጦርነት አወጅኩበት። የሰባት ዓመት ልጅ ስለነበርኩ መሣሪያዬ አንድ ብቻ ነው፤ «ጋሼ» ማለቱን ተውኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በባዶ ስሙ ደሳለው እያልኩ ጠራሁት፤ ያውም ሰው ባለበት፣ ያውም ጮክ ብዬ። እናቴ በዓይኗ ትቆጣኛለች፤ እሱ ግን «አቤት፣ የኔ እመቤት» ይለኝና ሥራውን ይቀጥላል። ከጠላት ሁሉ የሚያስቸግረው እንዲህ ያለው ነው፤ ምን ብታደርጊው አይናደድልሽም።

ነገሩ የሆነው በሚሌኒየሙ ዓመት ነው። ያኔ ወረታ ውስጥ ስሙን ያልቀየረ ቤት ማግኘት ከባድ ነበር፤ ሚሌኒየም ፀጉር ቤት፣ ሚሌኒየም ሥጋ ቤት፣ ሚሌኒየም ልብስ ስፌት። ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከሩዝ መፈልፈያው ጋር ግድግዳ የሚጋራው የደሳለው ሱቅም ሚሌኒየም የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ይባላል። እኛ ግን ስም አልቀየርንም። በራችን ላይ «አለኸኝ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ አለኸኝ አባቴ ነው። እሱ ከሞተ በኋላ እናቴ ትርሲት ሰሌዳውን አላወረደችም፤ ወንበሩ ላይ ግን እሷ ተቀመጠችበት። ማመልከቻ ትጽፋለች፣ የሰርግ ጥሪ ትጽፋለች፣ የዕድር ማስታወቂያ ትጽፋለች። ሰውም «አለኸኝ ጋ ላጽፍ» እያለ ይመጣል፤ ሲሉት ለሰማ አባቴ ጓዳ ገብቶ የሚመለስ እንጂ የሞተ አይመስልም ነበር።

እኔ አባቴን ብዙም አላስታውሰውም። ሲሞት ገና ትንሽ ነበርኩ። መልኩን ከግድግዳው ፎቶ አውቀዋለሁ፤ ሸሚዞቹን ከቁም ሣጥኑ አውቃቸዋለሁ፤ ድምፁን ግን ከየትም ላመጣው አልቻልኩም። ዓይኔን ጨፍኜ ስፈልገው የሚመጣልኝ የአጎቴ ድምፅ ነው፤ ካልሆነም የሬዲዮ ዜና አንባቢው። እናቴ ግን የአባቴ ድምፅ አለ ትለኛለች። ከመታመሙ በፊት ማይክ ገዝቶ ፊደል ሲያስቆጥረኝ ቀድቶት ነበርና ሁለታችንም ኮምፒውተሩ ውስጥ አለን። ታዲያ ክፈቺልኝ ስላት «ልቤ ሲጠና» ትለኛለች። ልብ ለመጥናት ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ አላውቅም፤ ሊጥ እስኪቦካ ያህል ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ በየጠዋቱ «ልብሽ ጠና?» እላታለሁ፤ እሷም ግንባሬን ስማ ወደ ትምህርት ቤት ትሰደኛለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ። መሄዱ ብርቅ አልነበረም፤ አመጣጡ ነው የተለየው። ሲመለስ አምፖሉ ዓይን እስኪያጠፋ ቦግ አለ፤ ወዲያው ጠረጴዛ ሥር ያለው ሲፒዩ «ጧ» አለና ከጀርባው የተቃጠለ ፀጉር የሚሸት ጭስ ወጣ። እናቴ ገመዱን ነቅላ ሣጥኑን አቅፋ መሬት ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ብቻ «ሳልሰማው» አለች። እኔ የሰው ማመልከቻ የጠፋባት መስሎኝ አይዞሽ በእጄ እጽፍልሻለሁ ብዬ አጽናናኋት። አባቴ እዚያው ውስጥ መሆኑ ትዝ ያለኝ ትንሽ ቆይቶ ነው። ትዝ ሲለኝ ያለቀስኩት ለቅሶ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሱ የመጡትን መምህር ከበር መለሳቸው።

በማግስቱ እናቴ ሲፒዩውን በጋቢ ጠቅልላ ጋሪ ላይ አስጫነችው። እንዳይንገጫገጭ ጭኗ ላይ አስደግፋዋለች፤ እኔ በሌላ በኩል እደግፋለሁ። መንገድ ላይ ያየን ሁሉ ከንፈር ይመጥልናል። አንዲት ጥላ የያዙ ሴትዮ ጋሪውን አስቁመው ጋቢውን ሳይገልጡ ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና እግዜር ይማርልሽ አሏት፤ እኔ አሜን አልኩ። ሰውነቱ እንዲህ ከደረቀስ ወንዛዬ ፍል ውኃ ብትወስጅው ይሻለው ነበር ብለው ደግሞ መከሩ። እናቴ ከንፈሯን ነክሳ መሬት መሬቱን አየች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የምታለቅስ መስሎኝ እጇን ያዝኩላት። ዛሬ ነው የማውቀው፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ሳቅ ያመለጣት ያን ዕለት መጀመሪያዋ ነው።

ደሳለው ከሞጣ መጥቶ ወረታ የቀረ ቀጭን ሰው ነው። የሩዙ እብቅ በግድግዳው ስንጥቅ እየገባ ሁሉንም ነገር ያለብሰዋልና ሬዲዮውም፣ ቴፑም፣ የደሳለው ቅንድብም አንድ መልክ አላቸው። እናቴ ጋቢውን ስትገልጥ አልሳቀም። ይልቅ ጋቢውን ተቀብሎ አጣጥፎ ንጹሕ ቦታ ፈልጎ አስቀመጠው። ከዚያ ሣጥኑን ከፍቶ አየ፣ አሸተተ፣ እፍ አለበት፤ አቧራው ሁላችንንም አስነጠሰን።

«ሣጥኑ አልቆለታል። ማዘርቦርዱም ነዷል» አላት እናቴን። «የውስጡ ግን ደኅና ሳይሆን አይቀርም። አውጥቼ ከውጭ ልሞክረው።»

የውስጡ ማን እንደሆነ እኔ አላጣሁትም። ደሳለው ብሎኖቹን በካቻቢቴ እየፈታ ሳለ ትንፋሼን ውጬ ጠበቅኩ። የወጣው የዳዊት መጽሐፍ የሚያህል ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ ሐርድ ዲስክ ይሉታል። አባቴ ቁመተ ሎጋ እንደነበር ያልነገረኝ ሰው የለም፤ እንዴት ተጣጥፎ እዚያ እንደገባ አልገባኝም። አባቴ እዚህ ነው ያለው ወይ ብዬ ደሳለውን ጠየቅኩት፤ እሱም በቁም ነገር፣ ካለ እዚህ ነው ያለው አለኝ።

የራሱ ኮምፒውተር ሁልጊዜ ክዳኑ እንደተነሣ ነው፤ ሆድ ዕቃው ይታያል። ያንን ብረት አጠገቡ ጠረጴዛው ላይ፣ በአሮጌ ኮንጎ ጫማ ሶል ላይ አስተኛው። ከኮምፒውተሩ ሆድ ሰፊ ጥብጣብ የመሰለ ገመድ ጎትቶ አወጣ፤ ገመዱ ሁለት ራስ ነበረው። አንደኛው ራስ እውስጥ የደሳለው ሐርድ ዲስክ ላይ ተሰክቷል፤ ሁለተኛውን አባቴ ላይ ሊሰካው ነው። ከመሰካቱ በፊት ግን እሾህ የሚነቀልበት ወረንጦ አነሣና ከአባቴ ጀርባ የሩዝ ፍሬ የምታህል የፕላስቲክ ቆብ ነቀለ። እናቴ ይኼ ደግሞ ምንድን ነው ብትለው ቀና ብሎ አስረዳት።

«በአንድ ገመድ ላይ ሁለት አባወራ አይሆንም። ሁለቱም አባወራ ነኝ ካሉ ኮምፒውተሩ ግራ ይገባውና ሁለቱንም አላየሁም ይላል። ስለዚህ የኔ አባወራ ይሆናል፤ የባለቤትዎን እንግዳ አደርገዋለሁ።»

ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። እናቴን አየኋት፤ ተነሥታ ብረቷን አቅፋ ትወጣለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን «እንደሚሆን ያድርጉት» አለች። እንደሚሆን ያድርጉት! አባቴ በገዛ ቤቱ እንግዳ ሊሆን፣ ይኼ እብቅ የለበሰ ሰው አባወራ ሊሆን፣ እናቴ ደግሞ እሺ አለች። ጦርነቱ የታወጀው ያቺን ሰዓት ነው።

አሁን ነገሩን አውቀዋለሁ። ያቺ ትንሽ ቆብ ጃምፐር ትባላለች። በዚያ ዘመን በአንድ ገመድ ለሚሠሩ ሁለት ሐርድ ዲስኮች ማን ቀዳሚ፣ ማን ተከታይ እንደሆነ የምትወስነው እሷ ነበረች። የትምህርቱ ቃል ጌታና ባሪያ ነው። ደሳለው ያንን ቃል አፉ እምቢ ስላለው አባወራና እንግዳ የሚለውን ከራሱ አወጣ። ካደግኩ በኋላ ስጠይቀው ባሏ ለሞተባት ሴት ባልሽን ባሪያ አደርገዋለሁ ልበላት ነበር እንዴ ብሎ መልሶ ጠየቀኝ።

ኮምፒውተሩ ሲነሣ ብረቷ «እምምም» አለች። ጠጋ ብዬ ጆሮዬን ጣልኩባት፤ ሞቅ ብላለች፣ ውስጧም የሆነ ነገር ይተነፍሳል። ደሳለው ሞኒተሩን ብዙ ካየ በኋላ ወደ እናቴ አዞረላት። ከዚያ እኔን ሂጂ ከጎረቤት ለስላሳ አምጪ ብሎ ላከኝ። ስመለስ ሞኒተሩ ጠፍቷል፣ የእናቴ ዓይን ቀልቷል፣ ደሳለውም ብረቷን በጨርቅ ሸፍኗታል። ዛሬ አልተሳካም አለኝ፤ የፊታችን ቅዳሜ እንሞክራለን። ለስላሳውን ጠጣሁለት እንጂ ይቅርታ አላደረግኩለትም።

ቅዳሜ ሄድን፤ አልተሳካም። በሚቀጥለውም ሄድን፤ አልተሳካም። አንድ ጊዜ ገመዱ ነው ችግሩ፣ አንድ ጊዜ መብራቱ ነው፣ አንድ ጊዜ እብቁ ነው። እንዲህ ያለ የማይችል ባለሙያ አይቼ አላውቅም። እናቴ ግን በሙያው ተስፋ አልቆረጠችም፤ እንዲያውም ቅዳሜ ቅዳሜ ከወትሮው ቀደም ብላ ትነሣለች። መጀመሪያ በጥቁሩ የሐዘን ቀሚስ ትሄድ ነበር፤ ቀጥሎ ግራጫው መጣ፤ ከዚያ ከየት እንደተገኘ የማላውቀው አረንጓዴ ሻሽ። ጥቁሩ ቀሚስ እብቅ ስለሚያሳይ ነው ብዬ ገመትኩ።

እዚያ ስንደርስ ደሳለው የሰው ሬዲዮ እየጠገነ ስለ አባቴ ይጠይቃታል። አሳሳቁ እንዴት ነበር፣ ምን ይወድ ነበር፣ ሲናደድ ምን ያደርግ ነበር። እናቴም ትነግረዋለች። አባቴ የሰርግ ጥሪ ላይ የሙሽራውንና የሚዜውን ስም አቀያይሮ ጽፎ ሚዜው ሊያገባ እንደነበር ስትነግረው ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔ ግን ደሳለውን ነቃሁበት፤ የአባቴን ቦታ ሊወስድ ምስጢሩን እየለቀመ ነው። ስለዚህ እሱ ዞር ሲል ወደ ብረቷ ጎንበስ ብዬ «አትፍራው፣ እኔ አለሁ» እላታለሁ።

አንድ ቀን ግን ድል የቀናኝ መሰለኝ። እናቴና ደሳለው እስከዚያ ድረስ «እርስዎ» ነበር የሚባባሉት። ያን ቅዳሜ እናቴ «አንተ ደግሞ፣ እብቁን ከፀጉርህ አራግፈው እንጂ» ስትለው በጆሮዬ ሰማሁ። ደስታዬን አልቻልኩትም። አንተ የሚባለው የተናቀ ሰው ነዋ! እናቴ በመጨረሻ ናቀችው። እሱም መናቁ ገብቶት መሰለኝ አንገቱን ደፍቶ ብሎን ያልነበረው ሬዲዮ ላይ ብሎን መፈለግ ያዘ። ያን ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ እየዘለልኩ ነበር፤ እናቴም ምን እንዳስደሰታት እንጃ፣ አብራኝ ልትዘል ምንም አልቀራት።

የክረምቱ ጎርፍ ከሜዳው ሸሽቶ መንገዱ ሲደርቅ የአባቴ እናት፣ አያቴ ወለተ ሚካኤል፣ ከቁሐር ሚካኤል መጡ። በየዓመቱ ክረምቱ እንደወጣ ቅቤ ይዘው እየመጡ እኛ ጋ ይሰነብታሉ። አጠር ያሉ፣ ቁጥብ ሴት ናቸው፤ ያገር ከብት ሁሉ የሚፈራውን ረጅም ሽመላቸውን ቤት ውስጥም አይለቁትም። እኔ አጋዥ ጦር አገኘሁ ብዬ እናቴ ወደ ጓዳ ስትገባ ጠብቄ ሁሉን ዘረገፍኩላቸው።

ደሳለው የሚባል ሰው አባቴን እንግዳ አድርጎ ራሱ አባወራ ሆኗል አልኳቸው። ቅቤውን የሚጠቀልሉበት እጃቸው ቆመ። የት ነው እሚኖረው አሉኝ፤ መናኸሪያው ጀርባ አልኩ። እናትሽስ ምን አለች አሉኝ፤ እንደሚሆን ያድርጉት ብላለች አልኩ። ምን ጊዜ ነው እምታገኘው ቢሉኝ በየቅዳሜው፣ በአረንጓዴ ሻሽ አልኩ። አያቴ ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም። ቅቤውን ከድነው እጃቸውን ታጠቡና ነገ ምን ቀን እንደሆነ ብቻ አጣሩ። ነገ ቅዳሜ ነበር።

ስንሄድ አያቴ ከፊት፣ እናቴ ከኋላ፣ እኔ መሐል ነኝ። እናቴ ሁለቴ ልታዋራቸው ብትሞክር ሁለቴም እርምጃቸውን ጨመሩ። ሱቁ በር ላይ ስንደርስ ደሳለው ባልቴት ማየቱ ነው፣ ብድግ ሲል ወረንጦው ወደቀበት። አያቴ የቀረበላቸውን ዱካ ትተው በሽመላቸው ላይ ተደግፈው ቆሙ።

«ልጄን እንግዳ አደረግኸው አሉ» አሉት።

ደሳለው እናቴን አየ። እናቴ እኔን አየች። እኔ ጫማዬን አየሁ፤ ኩራቴ ግን ከፊቴ ላይ አልጠፋም። ደሳለው ከዚያ በኋላ ያላስረዳው ነገር የለም። ብረቷን አሳየ፣ ገመዱን አሳየ፣ ያቺን የሩዝ ፍሬ መሳይ ቆብ ከመሬት በተነሣው ወረንጦ ይዞ ከቦታ ቦታ እያዛወረ አሳየ፤ ቆቧም ሁለቴ አመለጠችው። አያቴ ሳያቋርጡ ሰሙት። ጎንበስ ብለውም በኮንጎው ሶል ላይ የተኛውን ብረት ብዙ አዩት።

«እንግዲህ አለኸኝ ይኸ ነው» አሉ።

«ድምፃቸው ያለበት ነው፣ እማማ።»

«እሱስ ይሁን። እኔ እምጠይቅህ ስለ ብረቱ አይደለም።»

ይኼን ጊዜ አያቴ ወደ እኔ ዞረው ውጭ ቆይ አሉኝ። ወጣሁ። መፈልፈያው ሥራ ላይ ስለነበር ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ ጆሮዬን በሩ ላይ ብለጥፍም የሚደርሰኝ ቁርጥራጭ ነው። እናቴ «ከመጀመሪያው ቀን» ስትል ሰማሁ። «ፈርቼ ነው» ስትልም ሰማሁ። አያቴ ስለ ቅዳሜ አንድ ነገር ጠየቁ፤ እናቴ የመለሰችውን ወፍጮው ዋጠው። ከዚያ የአያቴ ሽመል ሲሚንቶውን ቀስ እያለ ሲመታ ብቻ ይሰማኛል፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። በጣም ቆየ። መጨረሻ ላይ በሩ ተከፈተና አያቴ «ነይ ግቢ፤ አባትሽ ሊናገር ነው» አሉኝ።

ደሳለው በስንት ቅዳሜ ያቃተውን አያቴ በሽመል ሦስቴ መትተው አስከፈቱት ብዬ ደመደምኩ። ይኼን ለዓመታት አምኜ ኖሬያለሁ፤ ለክፍል ልጆችም ነግሬያለሁ። የሬዲዮ ባትሪ ሲደክምባቸው አያቴን የጠሩ ጎረቤቶች ነበሩን፤ ወሬውን ያስወራሁት እኔ ነኝ።

እውነቱን እናቴ የነገረችኝ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነው። ሐርድ ዲስኩ በመጀመሪያው ቀን፣ እኔ ለስላሳ ፍለጋ በሄድኩበት፣ ያለ አንዳች ችግር ተከፍቷል። ደሳለው ፋይሉን አግኝቶ ይኸውና ብሏታል። አትክፈተው ያለችው እሷ ናት። እስካልሰማችው ድረስ የምትጠብቀው የባሏ ነገር አንድ ይቀራታል፤ ከሰማችው በኋላ ግን ምንም አይቀራትም። እኔን እየጎዳች መሆኑን እያወቀች አልቻለችም። ደሳለውም እንዲህ ከሆነ አልተሳካም እንበላት አለ፤ ሙያውን ለነቀፋ ሰጥቶ በየቅዳሜው በእኔ ይሰደባል። ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ተጨመረ፤ ድምፁ ከተሰማ ወደዚያ ሱቅ መምጫ ሰበብ ሊጠፋ ነው። አያቴ የጠየቋት ይኼንኑ ነበር። ድምፁን ፈርተሽ ነው ወይስ ቅዳሜው እንዳይቀርብሽ ሲሏት እናቴ ሁለቱም አለቻቸው። ያ የሽመል ኳኳታ አያቴ የልጃቸውን ሚስት ለሌላ ሰው መስጠት ይችሉ እንደሆነ ሲያስቡ የሚሰማ ነው። ሲከፍቱልኝም ገና አልወሰኑም ነበር። መጀመሪያ ልጄን ልስማው ነው ያሉት።

ደሳለው ስፒከሩን ወደ እኛ አዙሮ ማውሱን ለእናቴ ሰጣት። እሱ ድምፁን ሰምቶት አያውቅም፤ የቤተሰብ ነገር ነው ብሎ ወጣና ጀርባውን ሰጥቶን በሩ ላይ ቆመ። የመፈልፈያውን ሰዎች ለምኖ ወፍጮውን አስቁሞልን ነበር። እናቴ እጇ ማውሱ ላይ ቀረ። አያቴ የራሳቸውን እጅ ደረቡበትና አብረው ተጫኑት።

መጀመሪያ ሽሽሽ የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ የዶሮ ጩኸት፣ ከዚያ የሆነ ዕቃ ሲጋጭ። ከዚያ አባቴ።

«ቢታንያዬ፣ ሀ በይ።»

ካሰብኩት የቀጠነ ድምፅ ነው። የአጎቴንም አይመስል፣ የዜና አንባቢውንም አይመስል። ትንሿ እኔ «ሀ» አልኩ። «ሁ» አለኝ፤ «ሁ» አልኩት። «ሂ» ሲለኝ «ሂጂ» ብዬ መለስኩለት። አባቴ ሳቀ። ሳቁ መጨረሻ ላይ ሲጥ የምትል ነገር አለችው፤ እኔም ስስቅ ያቺው ሲጥታ አለችኝ፣ ክፍል ውስጥ ይስቁብኛል። ያን ቀን ነው ከየት እንዳመጣኋት ያወቅኩት። አያቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው «ልጄ» አሉ፤ እናቴ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ይዛለች። እኔ አላለቀስኩም። ዞር ብዬ ብረቷን አየኋትና አንተ ነህ ማለት ነው አልኩ በልቤ።

ከዚያ ድምፁ ውስጥ የሆነ ሰው በር አንኳኳ። ማን እንደነበር እስከ ዛሬ አይታወቅም፤ ወይ ጎረቤት ነው ወይ ማመልከቻ የሚያጽፍ ገበሬ። አባቴ ፊደሉን አቋርጦ ጮክ አለ።

«ማነው? ግባ፣ ክፍት ነው!»

ወንበር ተንሻተተ፤ ድምፁ አለቀ።

በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመው ደሳለው የተጠራ ሰው ሆኖ ዞረ። ሳያስበው ነው። አንድ እግሩ ደፉን ተሻግሮ አንዱ ውጭ ቀረ፤ ማን እንደጠራው ሲገባው እዚያው ደርቆ ቆመ። ሊገባም አልደፈረ፣ ሊወጣም አልቻለ። አያቴ ዓይናቸውን ጠርገው ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ ረጅም አስተያየት ነበር። ከዚያ ሽመላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ከእጃቸው ሲለቁት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

«ምን ትገተራለህ» አሉት። «ግባ ተብለሃል።»

እናቴ ልቅሶና ሳቋ አንድ ላይ መጣባት። እኔ ግን ነገሩ አልተዋጠልኝም። አባቴ በሩ ላይ ያለው ደሳለው መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ ግባ አይለውም ነበር፤ ልነግረው ፈልጌ ድምፁ አልቋል። ቢሆንም አባት ያለው አለ ነው። ጦርነቱን ያቆምኩት ያን ዕለት ነው። «ጋሼ ደሳለው፣ ግባ» አልኩት፤ የአባቴን ቃል ለማክበር ብዬ እንጂ ወድጄ እንዳልሆነ እንዲገባው ፊቴን አጨፍግጌ።

በዓመቱ ተጋቡ። አያቴ በሰርጉ ላይ የተቀመጡት ከሙሽሪት ዘመዶች ጋር ነው፤ ቅቤውንም ያመጡት እሳቸው ናቸው። ደሳለው ሱቁን ወደ እኛ ቤት አዛወረ። «አለኸኝ» የሚለውን ሰሌዳ አላወረደውም። ከሥሩ ትንሽ አድርጎ «ጥገናም አለን» ብሎ ጨመረበት እንጂ። ስሙን የማያውቅ ደንበኛ አለኸኝ ብሎ ሲጠራው አቤት ይላል። ሁለቱንም ሐርድ ዲስኮች ለቤታችን በሠራት አንዲት ኮምፒውተር ውስጥ አገባቸው፤ አባቴ ከኮንጎው ሶል ተነሥቶ ከውጭ ወደ ውስጥ ተመለሰ። ኮምፒውተሯ እኔን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አስጨርሳኛለች።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ስመለስ ጓዳ ውስጥ ተጥላ አገኘኋት። የአባቴ ድምፅ ዛሬ በስልኬም አለ፣ በእናቴም ስልክ አለ፤ የአያቴ ተዝካር ላይ ሳይቀር አሰምተነዋል። ቢሆንም ያቺን ብረት ለማስታወሻ ልወስዳት ፈለግኩና ካቻቢቴ አምጥቼ ክዳኑን ከፈትኩ። እብቁ እዚያም አለ። ሰፊው ጥብጣብ ገመድ ከነሁለት ራሱ አለ፤ አባቴና ደሳለው አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ተሰክተውበታል። ከመንቀሌ በፊት ጀርባቸውን አየሁ። የሩዝ ፍሬዎቹ እንደተቀመጡ ናቸው፤ የትኛው ቦታ ምን እንደሆነ ደግሞ ብረቶቹ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተሥሏል።

አባወራው አባቴ ነበር። እንግዳው ደሳለው።

ያን ሁሉ ዓመት በዚያች ኮምፒውተር ጽፌአለሁ፣ ተጫውቼአለሁ፣ አጥንቼአለሁ፤ ማንም አልነገረኝም። እሱም የነገረው ሰው የለም። ዞር ስል ደሳለው በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል፤ ቅንድቡ ዛሬ ያለ እብቅ ነጭ ነው። የማላውቅ መስዬ ልፈትነው ፈለግኩ።

«ጋሼ፣ ይኼ ጃምፐር ተገላብጧል መሰለኝ» አልኩት።

«አልተገላበጠም» አለኝ። «ከውጭ የመጣሁት እኔ አይደለሁ?»

ከዚያ አጠገቤ ቁጢጥ አለና ብሎኖቹን በመዳፉ ሰብስቦ ያዘልኝ።